የ«ሚሽን ኢምፖሲብል፦ ፎልአውት» ፊልም አሠራር

«ሚሽን ኢምፖሲብል፦ ፎልአውት» እ.ኤ.አ. በ2018 (በ2010 ዓ.ም.) ለዕይታ የበቃ የአሜሪካ የስለላና የድርጊት ፊልም ነው። ቶም ክሩዝ ኢታን ሃንት የተባለውን ሰላይ ሆኖ የሚሠራበት ተከታታይ ፊልም ስድስተኛው ክፍል ሲሆን፣ ጸሐፊውም ዳይሬክተሩም ክሪስቶፈር ማክዋሪ ነው። ርዝመቱ 147 ደቂቃ ነው። ቀረጻው ከኤፕሪል 2017 እስከ ማርች 2018 ድረስ በፈረንሳይ፣ በብሪታንያ፣ በኒው ዚላንድ፣ በኖርዌይና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ተካሂዷል።

ፊልሙ ከታሪኩ ባልተናነሰ በአሠራሩ ይታወቃል። ዋናው ተዋናይ ከ7,620 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ዘሏል፣ ሄሊኮፕተር ራሱ አብርሯል፣ በለንደን ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲዘልም ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ትዕይንቶች እንዴት እንደተዘጋጁ፣ ምን ያህል ልምምድ እንደጠየቁና አደጋው የት ላይ እንደደረሰ ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ

የተከታታዩ ፊልም ምንጭ ብሩስ ጌለር የፈጠረው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ድራማው ከ1966 እስከ 1973 ድረስ ታይቷል። በ1996 ብራያን ዲ ፓልማ ወደ ሲኒማ ሲያመጣው ቶም ክሩዝ ዋና ተዋናይ ብቻ ሳይሆን ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱም ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ ዋናው ተዋናይ ያለ ተተኪ የሚሠራው አንድ አደገኛ ትዕይንት መኖሩ ልማድ ሆኗል።

በመጀመሪያው ፊልም ክሩዝ በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ አንድ ጥብቅ ክፍል ይወርዳል። ሰውነቱ ከወለሉ በላይ ሚዛኑን ጠብቆ እንዲቆይ በጫማው ውስጥ ሳንቲሞች አስገብቶ ነበር። በ2000 በወጣው ሁለተኛው ክፍል በዩታ ግዛት በቋጥኝ ላይ ወጣ። በ2011 በወጣው አራተኛው ክፍል በዱባይ በሚገኘው በዓለም ረጅሙ ሕንፃ፣ በቡርጅ ኸሊፋ የውጭ ግድግዳ ላይ ተንጠለጠለ። በ2015 በወጣው አምስተኛው ክፍል ደግሞ ከመሬት በሚነሣ ኤርባስ ኤ400ኤም የጭነት አውሮፕላን ጎን ላይ ታስሮ ተቀረጸ።

ስለዚህ ስድስተኛው ክፍል ሲታሰብ ተመልካቹ ከቀድሞው የበለጠ ነገር እንደሚጠብቅ አዘጋጆቹ ያውቁ ነበር። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱን ክፍል የተለያየ ዳይሬክተር ሠርቶታል። አምስተኛውን የሠራው ማክዋሪ ስድስተኛውንም በመረከቡ ከተከታታዩ ዳይሬክተሮች ለሁለተኛ ጊዜ የተመለሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

የፊልሙ ርዕስ ሁለት ትርጉም አለው። «ፎልአውት» በአንድ በኩል ከኑክሌር ፍንዳታ በኋላ ከሰማይ የሚወርደው መርዛማ ብናኝ ነው፤ በሌላ በኩል አንድ ውሳኔ የሚያስከትለው መዘዝ ማለት ነው። በታሪኩ ኢታን ሃንት የአንድ ባልደረባውን ሕይወት ለማዳን ሲል ሦስት የፕሉቶኒየም ፍሬዎች ከእጁ ያመልጡታል። የቀረው ታሪክ ያንን መዘዝ ለመመለስ የሚደረግ ሩጫ ነው።

ጽሑፉና ዝግጅቱ

አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ፊልሞች ሙሉ ጽሑፋቸው ሳያልቅ ቀረጻ አይጀምሩም። ማክዋሪ ግን ሥራውን የጀመረው 33 ገጽ ገደማ በሆነ ዝርዝር ንድፍ ነበር። የትዕይንቶቹ ቅደም ተከተልና የገጸ ባሕርያቱ ጉዞ ተነድፏል፤ ብዙው ንግግር ግን የተጻፈው ቀረጻው እየተካሄደ ሳለ ነው።

ይህ አሠራር የራሱ ምክንያት ነበረው። በዚህ ዓይነት ፊልም ትልልቆቹ ትዕይንቶች የሚወሰኑት በቦታው፣ በአየሩ ጠባይ፣ በፈቃድና በተዋናዩ ችሎታ ነው። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ምን ማድረግ እንደሚቻል አይቶ ታሪኩን ከዚያ ጋር ያስማማል። ጉዳቱ ደግሞ ተዋናዮቹ የነገ ሥራቸውን ዛሬ ማታ ሊያውቁ መቻላቸው ነው።

የአደገኛ ትዕይንቶቹ ኃላፊ ዌድ ኢስትዉድ ሲሆን፣ የምስል ቀረጻውን የመራው ሮብ ሃርዲ፣ ምስሉን ያቀናበረው ደግሞ ኤዲ ሃሚልተን ነው። የፊልሙ አብዛኛው ክፍል በዲጂታል ካሜራ ሳይሆን በ35 ሚሊሜትር ፊልም ተቀርጿል። የስቱዲዮ ሥራው የተካሄደው ከለንደን ወጣ ብሎ በሚገኘው የሊቭስደን ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮው ከብዙ ዓመታት በፊት የአውሮፕላን ፋብሪካ የነበረ ሰፊ ግቢ ነው።

በፓሪስ ጎዳናዎች

ቀረጻው የተጀመረው በኤፕሪል 2017 በፓሪስ ነው። በከተማዋ ከተቀረጹት ትዕይንቶች በጣም የሚታወሰው ክሩዝ ሞተር ብስክሌት እየነዳ በድል አድራጊነት ቅስት ዙሪያ ከመኪኖቹ አቅጣጫ በተቃራኒ የሚሮጥበት ነው። በቅስቱ ዙሪያ ያለው አደባባይ አሥራ ሁለት ጎዳናዎች የሚገናኙበት ስለሆነ በፓሪስ በመኪና ከሚጨናነቁት ስፍራዎች አንዱ ነው።

ክሩዝ በዚህ ትዕይንት የራስ ቁር አላደረገም። የራስ ቁር ካደረገ ፊቱ አይታይም፤ ፊቱ ካልታየ ደግሞ ተተኪ ባለሙያ ቢሠራውም ልዩነት የለውም። ሆኖም በተቃራኒው የሚመጡት መኪኖች እንዲሁ በአጋጣሚ በመንገድ ላይ የተገኙ አልነበሩም። አሽከርካሪዎቹ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በምን ፍጥነት፣ በየትኛው መስመርና በስንተኛው ሰከንድ እንደሚያልፉ አስቀድመው ተለማምደዋል። ተመልካቹ እንደ ትርምስ የሚያየው ነገር በመሠረቱ እንደ ጭፈራ የተጠና እንቅስቃሴ ነው።

የመጸዳጃ ቤቱ ፍልሚያ

በታሪኩ በፓሪሱ ግራን ፓሌ ውስጥ በተዘጋጀ ድግስ ላይ ሃንትና የሲ.አይ.ኤ. ባልደረባው ኦገስት ዎከር አንድን ሰው ለመያዝ ወደ ወንዶች መጸዳጃ ቤት ይገባሉ። ዎከርን ሆኖ የሠራው ሄንሪ ካቪል ነው። ሁለቱን እያቀያየረ የሚደበድበው ሰው ሊያንግ ያንግ ይባላል። ያንግ በሙያው የትግል ትዕይንት ባለሙያ ነው፤ በብዙ ፊልሞች ከሌሎች ተዋናዮች ጀርባ የሠራ ሲሆን በዚህ ፊልም ግን ፊቱ በግልጽ ይታያል።

ክፍሉ በሊቭስደን ስቱዲዮ የተገነባ ነበር። ነጭ ግድግዳው፣ መስታወቶቹና ቧንቧዎቹ በትግሉ መካከል እንዲሰበሩ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ለቀናት የታሰበው ቀረጻ ሳምንታትን ፈጅቷል። ከዚህ ትዕይንት በጣም የተነገረለት ነገር ግን በልምምድ ያልነበረ ነው። ካቪል ወደ ትግሉ ከመመለሱ በፊት ጠመንጃ እንደሚያቀባብል ሰው ሁለት ክንዶቹን እያወዛወዘ ቡጢውን ያዘጋጃል። ይህን በራሱ ስሜት ያደረገው ሲሆን፣ የፊልሙ ማስታወቂያ ሲወጣ እንቅስቃሴው በማኅበራዊ መገናኛዎች በሰፊው ተሰራጨ።

ሄሊኮፕተሮቹ በኒው ዚላንድ

የፊልሙ መጨረሻ የሚካሄደው በካሽሚር ተራሮች ነው። የተቀረጸው ግን በኒው ዚላንድ ደቡብ ደሴት ነው። ኢታን ሃንት ከሄሊኮፕተር በሚንጠለጠል ረጅም ገመድ ይወጣል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይወጣና አብራሪውን ጥሎ ሄሊኮፕተሩን ራሱ እያበረረ ዎከርን ያሳድዳል።

ክሩዝ ከዚህ ፊልም በፊት የአውሮፕላን አብራሪ ነበር፤ ሄሊኮፕተር ማብረር ግን ሌላ ሙያ ነው። አውሮፕላን በክንፉ ስለሚደገፍ ወደፊት እስከሄደ ድረስ ራሱን የመሸከም ባሕርይ አለው። ሄሊኮፕተር ግን በሁለት እጅና በሁለት እግር ያለማቋረጥ ሚዛኑ መጠበቅ አለበት። አንዱ መቆጣጠሪያ ሲነካ ሌሎቹም መስተካከል ይፈልጋሉ። በተራራ መካከል ደግሞ ነፋሱ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ይለዋወጣል። ክሩዝ በወራት የሚሰጠውን ሥልጠና በቀን ረጅም ሰዓት እየሠራ በሳምንታት ጨረሰ። ከዚያም በላይ ሄሊኮፕተሩ እየተሽከረከረ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ወደ ታች የሚወርድበትን አስቸጋሪ እንቅስቃሴ ተማረ፤ በፊልሙም ላይ ራሱ አደረገው።

ካሜራዎቹ በሄሊኮፕተሩ አካል ላይ ተገጥመው ነበር። ታሪኩ ሃንት ብቻውን እንዲታይ ስለሚጠይቅ በካሜራው ፊት ሌላ ሰው መቀመጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ ክሩዝ ሲያበርር ተዋናይም፣ አብራሪም፣ በከፊል የካሜራ ሠራተኛም ሆኖ ነበር። የፀሐዩ ብርሃን በትክክለኛው በኩል ፊቱ ላይ እንዲያርፍ፣ የሚያሳድደው ሄሊኮፕተርም ከጀርባው ወይም ከፊቱ በምስሉ ውስጥ እንዲገባ አቅጣጫውን ማስተካከል የእርሱ ሥራ ነበር። ካቪልም በሌላው ሄሊኮፕተር ክፍት በር ላይ ሆኖ በብርድና በነፋስ ውስጥ ተቀርጿል።

በገመዱ ላይ በተቀረጸው ክፍል ክሩዝ የደህንነት ገመድ ታስሮ ነበር። ገመዱ በኋላ ከምስሉ ላይ በኮምፒውተር ጠፍቷል። ይህ በዘመኑ ፊልሞች የተለመደ አሠራር ሲሆን፣ ተዋናዩ በእውነት እንዲንጠለጠል ያስቻለውም ይኸው ነው። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ገመዱ እንዳይታይ በጣም ቀጭን መሆን ነበረበት፤ አለዚያ ትዕይንቱ ያለ ገመድ ይሠራ ነበር።

የለንደኑ ስብራት

በኦገስት 2017 (በነሐሴ 2009 ዓ.ም.) ቀረጻው በለንደን መካከል ነበር። ትዕይንቱ ሃንት ዎከርን ለመያዝ ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጀምሮ በጣሪያዎች ላይ እየሮጠ የቴምስን ወንዝ ተሻግሮ እስከ ቴት ሞደርን ሙዚየም የሚደርስበት ነው። በሩጫው መካከል ከአንድ ጣሪያ ወደ ሌላው ይዘላል።

ክሩዝ በዝላዩ ከፊት ያለውን ጣሪያ እንዳይደርስበት ነበር የታሰበው። ከሕንፃው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ፣ በጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከዚያ ራሱን ጎትቶ መውጣት ነበረበት። በገመድ ታስሯል፤ የሚያርፍበትም ቦታ ተለክቷል። በዚያ ዝላይ ግን ቀኝ እግሩ ቀድሞ ግድግዳውን መታና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ክሩዝ መሰበሩን ወዲያውኑ እንዳወቀ በኋላ ተናግሯል። ይሁንና ራሱን ጎትቶ ወጣ፣ ተነሥቶም እያነከሰ በካሜራው ፊት ሮጦ አለፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ በዚያ እግር ዝላዩን እንደገና መሥራት እንደማይችል ስላወቀ ያንኑ ቀረጻ መጨረስ ፈለገ። በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ዝላይ ያ ቀረጻ ነው። በጃንዩዋሪ 2018 ክሩዝ በግራም ኖርተን የብሪታንያ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ቅጂውን በዝግታ አሳይቷል።

ቀረጻው ለሁለት ወር ገደማ ቆመ። በዚህ መጠን ባለ ፊልም አንድ ቀን መቆም ብቻውን ብዙ ወጪ አለው፤ ሠራተኞች፣ የተከራዩ ቦታዎችና የተገነቡ ክፍሎች ሁሉ ይጠብቃሉ። እንዲህ ላለው ጊዜ ፊልሞች አስቀድመው የመድን ዋስትና ይገባሉ። የፊልሙ ባለቤት ፓራማውንት ግን በጁላይ 2018 ይወጣል የተባለበትን ቀን አልለወጠም። ስለዚህ ማክዋሪና ሃሚልተን በእረፍቱ ጊዜ እስከዚያ የተቀረጸውን ማቀናበር ጀመሩ። በተለመደው አሠራር ዳይሬክተር ፊልሙን ተቀምጦ የሚያየው ቀረጻው ካበቃ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ግን የጎደለውንና የበዛውን በመካከል ለማየት ዕድል ተገኘ።

ክሩዝ ስብራቱ ሙሉ በሙሉ ሳይድን ወደ ቀረጻ ተመለሰ። በዚህም ምክንያት የቀሩት ትዕይንቶች ቅደም ተከተል እግሩ በሚችለው መጠን ተስተካከለ፤ ብዙ ሩጫ የሚጠይቁት ወደ ኋላ ተገፉ።

አደጋው የደረሰበት ቦታ ልብ ሊባል ይገባል። ዋናው ተዋናይ የተጎዳው ከተራራ በላይ ሄሊኮፕተር ሲያበርር ወይም ከአውሮፕላን ሲዘል አልነበረም። የተጎዳው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ቀላል በሚመስል፣ በገመድ በተደገፈ ዝላይ ላይ ነው።

የሄንሪ ካቪል ሪዝ

የቀረጻው መጓተት ከሌላ ፊልም ጋርም አጋጭቶታል። ካቪል ኦገስት ዎከርን ሲሠራ ወፍራም ሪዝ አሳድጎ ነበር። በዚያው ጊዜ ዋርነር ብራዘርስ «ጀስቲስ ሊግ» የተባለውን ፊልም በከፊል እንደገና ሊቀርጽ ፈለገ፤ በዚያ ፊልም ካቪል ሱፐርማን ነው፣ ሱፐርማን ደግሞ ሪዝ የለውም።

ካቪል ሪዙን ከተላጨ በፎልአውት የቀሩት ትዕይንቶች ከተቀረጹት ጋር አይገጥሙም። ፓራማውንት እንዲላጭ አልፈቀደም። ስለዚህ ካቪል ሱፐርማንን ከነሪዙ ተጫወተና ሪዙ በኮምፒውተር ከፊቱ ላይ እንዲጠፋ ተደረገ። በኖቬምበር 2017 «ጀስቲስ ሊግ» ሲወጣ የላይኛው ከንፈሩ የተለወጠ መምሰሉ የብዙ ሰዎች መቀለጃ ሆነ። ነገሩ የሚያስቅ ቢሆንም ስለ ሙያው አንድ ቁም ነገር ያሳያል፦ በኮምፒውተር ገመድን ከሰማይ ላይ ማጥፋት ቀላል ሲሆን፣ የሚናገርን ሰው ፊት መለወጥ ግን እጅግ ከባድ ነው። ተመልካች የሰውን ፊት ዕድሜውን ሁሉ ሲያይ ስለኖረ ትንሽ ስሕተት አያልፈውም።

በኖርዌይ ገደል ላይ

በኖቬምበር 2017 ቡድኑ ወደ ኖርዌይ ሄደ። በታሪኩ መጨረሻ ሃንትና ዎከር በገደል አፋፍ ላይ ይታገላሉ። ቦታው ፕሬይከስቱለን ይባላል፤ ከሊሰፊዮርድ የባሕር ሸለቆ በላይ 604 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ አለት ነው። በፊልሙ ይህም የካሽሚር ክፍል ሆኖ ቀርቧል።

በዚህ ትዕይንት ሦስት ቦታዎች ተገጣጥመዋል፦ የኒው ዚላንድ ተራሮች፣ የኖርዌይ ገደልና በእንግሊዝ ስቱዲዮ የተሠሩ ክፍሎች። ክሩዝ በዚያ አፋፍ ላይ ሲንጠለጠል ቁርጭምጭሚቱ ከተሰበረ ጥቂት ወራት ብቻ አልፈው ነበር። ፊልሙ ከወጣ በኋላ በኦገስት 2018 መጀመሪያ በዚሁ አለት ላይ ስክሪን ተተክሎ ለ2,000 ያህል ሰዎች ታይቷል። ወደ ስፍራው የሚወስድ የመኪና መንገድ ስለሌለ ተመልካቾቹ በእግራቸው ተራራውን ወጥተዋል።

ከ7,620 ሜትር የተደረገው ዝላይ

በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ሃንትና ዎከር ወደ ፓሪስ የሚገቡት ከአውሮፕላን ዘለው ነው። ትዕይንቱ በታሪኩ ቀድሞ ቢታይም የተቀረጸው ግን በሥራው መገባደጃ፣ በ2018 የመጀመሪያ ወራት ነው። ዝላዩ ከወታደራዊ ስልት የተወሰደ ነው። ዘላዩ ከራዳርና ከዓይን እንዲሰወር ከብዙ ከፍታ ላይ ይዘላል፣ ለረጅም ጊዜ በነጻ ይወድቃል፣ ፓራሹቱን የሚከፍተውም ወደ መሬት ከቀረበ በኋላ ነው።

ቀረጻው የተካሄደው በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሲሆን፣ የአገሪቱ ጦር ሲ-17 የተባለውን ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ሰጥቷል። ልምምዱ ግን ከዚያ በፊት በእንግሊዝ ተጀምሯል። በስቱዲዮው ግቢ ሽቅብ የሚነፍስ ትልቅ የነፋስ መሣሪያ ተተክሎ ዘላዮቹ መሬት ሳይለቁ በአየር ላይ የመንሳፈፉን እንቅስቃሴ ደጋግመው አጠኑ።

ትዕይንቱ አራት ችግሮች ነበሩበት።

የመጀመሪያው አየሩ ነው። በ25,000 ጫማ (7,620 ሜትር) ላይ ያለው ኦክስጅን ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ለማሳት እስኪበቃ ድረስ ያንሳል። ከዚህም ሌላ ሰውነት በድንገት ወደ ዝቅተኛ ግፊት ሲገባ በደም ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራና ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ዘላዮቹ ከመዝለላቸው በፊት ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሱ ነበር።

ሁለተኛው ፊት ነው። በዚህ ከፍታ የሚዘሉ ወታደሮች የሚያደርጉት ጭምብል ፊትን ይሸፍናል። ፊቱ ካልታየ ደግሞ ዘላዩ ክሩዝ መሆኑ አይታወቅም። ስለዚህ ፊቱን የሚያሳይ ሰፊ መስታወትና በውስጡ መብራት ያለው፣ እንደ እውነተኛ የኦክስጅን ጭምብልም የሚያገለግል ልዩ የራስ ቁር ተሠራ።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። ማክዋሪ ትዕይንቱ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ባለው ድንግዝግዝ እንዲቀረጽ ፈለገ። የሚፈለገው ብርሃን በቀን ውስጥ የሚቆየው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ከዚያ አስቀድሞ ተነሥቶ፣ ከፍታው ላይ ደርሶ፣ በትክክለኛው ደቂቃ በትክክለኛው ቦታ መገኘት ነበረበት። በመሆኑም በቀን የሚገኘው ዕድል አንድ ብቻ ነበር። ያ ዝላይ ከተበላሸ እስከ ነገ ይጠበቃል።

አራተኛው ካሜራው ነው። ቀራጩ ክሬግ ኦብራየን ካሜራውን በራሱ ቁር ላይ አስሮ፣ ፊቱን ወደ ክሩዝ አዙሮ፣ በጀርባው በኩል ከአውሮፕላኑ ይዘል ነበር። በአንድ ነጥብ ላይ ክሩዝ ወደ ካሜራው ሦስት ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ያህል እስኪቀረው መቅረብ አለበት። ከዚያ ከራቀ ወይም ከቀረበ ምስሉ ይደበዝዛል። በመሬት ላይ ይህ በወለል ላይ በሚለጠፍ ምልክት የሚፈታ ቀላል ነገር ነው። ሁለቱም በከፍተኛ ፍጥነት እየወደቁ ሳለ ግን ርቀቱን ማስተካከል የሚቻለው በክንድና በእግር አያያዝ ብቻ ነው።

ልምምዱን ጨምሮ ክሩዝ በጠቅላላው 106 ጊዜ ዘሏል። ከዚህ ሁሉ የተፈለገው ሦስት ጥሩ ቀረጻ ነበር፤ ሦስቱ በኋላ ተያይዘው ተመልካቹ እንደ አንድ ያልተቋረጠ ምስል ያያቸዋል። የካቪልን ቦታ ይዞ የዘለለው በሙያው የሠለጠነ ዘላይ ነው። ከበታች የሚታየው የፓሪስ ከተማ፣ ደመናውና መብረቁም በኮምፒውተር የተጨመሩ ናቸው።

እውነተኛውና በኮምፒውተር የተሠራው

ስለዚህ ፊልም ሲወራ «ሁሉም እውነት ነው» የሚል አባባል ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም። ዲ.ኤን.ኢ.ጂ. የተባለው የምስል ቅንብር ድርጅት በፊልሙ ላይ ብዙ ሥራ ሠርቷል። የደህንነት ገመዶች ጠፍተዋል፣ ሰማይና ከተማ ተለውጧል፣ የኒው ዚላንድና የኖርዌይ ገጽታዎች ተያይዘው አንድ ቦታ መስለዋል። ሄሊኮፕተሮቹ ተጋጭተው በገደሉ ላይ የሚንከባለሉበት ክፍልም የስቱዲዮና የኮምፒውተር ሥራ የተደባለቀበት ነው።

ልዩነቱ ኮምፒውተሩ በምን ላይ እንደዋለ ነው። በብዙ የድርጊት ፊልሞች ተዋናዩ በስቱዲዮ ቆሞ ዙሪያው በኮምፒውተር ይሠራል። በዚህ ፊልም ግን አዘጋጆቹ የሰውየው አካል፣ ክብደቱና የፊቱ ስሜት እውነተኛ እንዲሆኑ አድርገው ዙሪያውን አስተካከሉ። የሚወድቅ ሰው ጉንጭ በነፋስ ሲርገበገብ፣ ሄሊኮፕተር የሚያዞር ሰው ዓይኑ ከተራራው ወደ መሣሪያው ሲመላለስ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ይሰማዋል።

ሙዚቃ

የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው ሎርን ባልፍ ነው። ሥራው ላሎ ሺፍሪን በ1966 ለቴሌቪዥኑ ድራማ በደረሰው ታዋቂ ዜማ ላይ የተመሠረተ ነው። የሺፍሪን ዜማ በአንድ ቤት አምስት ምት ያለው ሲሆን፣ ብዙ ዘፈኖች አራት ምት ስላላቸው ጆሮ ላይ ያልተጠናቀቀና የሚያቻኩል ስሜት ይፈጥራል። ባልፍ ይህን ምት በከበሮ አጎልብቶ በማሳደዱ ትዕይንቶች ላይ ተጠቅሞበታል። በመጸዳጃ ቤቱ ፍልሚያ ላይ ግን የተመረጠው ዝምታ ነው፤ የቡጢው፣ የመስታወቱና የትንፋሹ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል።

ውጤቱ

ፊልሙ በጁላይ 12 ቀን 2018 በፓሪስ ተመርቆ በጁላይ 27 (በሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.) በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ገባ። የተመዘገበለት ወጪ 178 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን በመላው ዓለም 791 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብቷል። ተቺዎችም ከተከታታዩ ክፍሎች ምርጡ፣ በዘመኑ ከተሠሩ የድርጊት ፊልሞችም አንዱ አድርገው አሞግሰውታል። በብሪታንያው የባፍታ ሽልማት በድምፅ ዘርፍ ታጭቷል። ማክዋሪ ከዚያ በኋላ በ2023ና በ2025 የወጡትን ሁለት ቀጣይ ክፍሎችም ሠርቷል።

የአደገኛ ትዕይንት ባለሙያዎች

የፎልአውት አሠራር ብዙ ጊዜ የአንድ ደፋር ተዋናይ ታሪክ ሆኖ ይነገራል። ከላይ የተዘረዘረው ግን የብዙ ሰዎች ሥራ መሆኑን ያሳያል። ክሩዝ በዘለለ ቁጥር ኦብራየንም ዘሏል፤ ያውም በጀርባው። በቅስቱ ዙሪያ ሞተር ብስክሌቱን ያልገጩት አሽከርካሪዎች ስማቸው የሚታየው በፊልሙ መጨረሻ በሚያልፈው ረጅም ዝርዝር ውስጥ ብቻ ነው። የተዋናዩ ስብራት የዓለም ዜና ሲሆን የእነርሱ ቁስል ዜና አይሆንም።

አደጋውም የይስሙላ አይደለም። በ2017 ክረምት፣ ክሩዝ በተጎዳበት ሰሞን፣ በሰሜን አሜሪካ ሁለት የአደገኛ ትዕይንት ባለሙያዎች በሥራ ላይ ሞተዋል። አንዱ በጁላይ በጆርጂያ ግዛት «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ለተባለው ተከታታይ ድራማ ሲሠራ ከፍ ካለ ቦታ ወድቆ ነው። ሌላዋ በኦገስት 14 በካናዳ ቫንኩቨር ለ«ዴድፑል 2» ፊልም ሞተር ብስክሌት ስትነዳ በደረሰ አደጋ ነው። ሁለቱም የተሰማሩበት ትዕይንት ከ7,620 ሜትር ዝላይ ጋር ሲነጻጸር ተራ የሚባል ነበር።

ለዚህም ነው የሙያው ሰዎች ድፍረትን ሳይሆን ልምምድን የሚያስቀድሙት። ከባዱ ትዕይንት ሁሉም ሰው ስለሚፈራው በደንብ ይጠናል፣ ይለካል፣ ይደጋገማል። ቀላል በሚመስለው ላይ ግን ጥንቃቄ ይላላል ወይም አንድ እግር ቀድሞ ግድግዳ ይመታል።

የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለረጅም ዘመን ለዚህ ሙያ የኦስካር ዘርፍ አልነበረውም። በኤፕሪል 2025 ግን ከ2027 ጀምሮ ለሚወጡ ፊልሞች የአደገኛ ትዕይንት ዝግጅት ሽልማት እንደሚሰጥ አስታውቋል። የመጀመሪያው ሽልማት የሚሰጠው በ2028 በሚካሄደው መቶኛው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይ ነው።